ታላላቆቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች እንዴት ያርፉ ነበር?

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እንቅልፍ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሰው እንቅልፍ አይደለም፤ ዛሬ በዱር ስለምናያቸው አራዊት እንቅልፍም አይደለም። ከምድር ገጽ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናቸው፣ አጥንታቸውም ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ከገደልና ከሸለቆ ተቈፍሮ ስለሚወጣው ስለ ታላላቆቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ዕረፍትና እንቅልፍ ነው።

ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ሥራ የፈታ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ይመስል ይሆናል። አንድ አውሬ ምን ይበላ እንደ ነበረ ጥርሱ ይመሰክርበታል። በአገራችንም ቢሆን በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ሙገር እየተባለ በሚጠራው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ፣ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች በ1999 ገልጸዋል፤ ጥርሱን ያየ ባለሙያ ባለቤቱ በምን ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። እንዴት ይራመድ እንደ ነበረም የእግሩ አጥንት ይናገራል። ነገር ግን ደክሞት ዐረፍ ሲል፣ እንቅልፍም ሲወስደው ምን ይመስል እንደ ነበረ ማን ይመሰክራል? እንቅልፍ አጥንት የለው፣ ጥርስ የለው። ተኝቶ የተነሣ አውሬ በስፍራው ትቶት የሚሄደው ነገር ቢኖር የተጫነ ሣር ብቻ ነው፤ ሣሩም በማግሥቱ ይቃናል።

እንዲህም ሆኖ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ዛሬ የሚሉት አላጡም። የሚሉትንም ያገኙት በአንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተሳስተው፣ ስሕተታቸውንም ራሳቸው አርመው ነው። እኔም የዛሬውን ንግግር የመረጥኩት ከአውሬው እንቅልፍ ይልቅ የዚህ እርማት ታሪክ ስለ ማረከኝ መሆኑን አልደብቅም። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከሥጋ በሎቹ ዳይኖሰሮች መካከል በሊቃውንት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም የተሰጠው ሜጋሎሶረስ ነው። ስሙንም በ1824 ያወጡለት በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም በክላንድ ናቸው። ዳይኖሰር የሚለው የወል ስም ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ይህን ስም ሪቻርድ ኦወን በ1842 ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ሠሩት፤ ትርጉሙም አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። በ1854 ደግሞ በለንደን አጠገብ በሲድነም በተከፈተው የክሪስታል ፓላስ መናፈሻ፣ ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ የተባሉ ቀራጺ የሜጋሎሶረስን ሐውልት በአካሉ ልክ ሠርተው አቆሙ። ሐውልቱ በአራት እግሩ የቆመ፣ ወፍራም፣ ትከሻው ያበጠ አውሬ ነው። ዛሬም በስፍራው ይታያል። ሜጋሎሶረስ በሁለት እግሩ ብቻ ይሄድ እንደ ነበረ የታወቀው በኋላ ነው፤ በእጃቸው የነበረው አጥንት ጥቂት ስለ ነበረ በሠሪዎቹ መፍረድ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ባርነም ብራውን የተባሉ አጥንት ፈላጊ ከኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተልከው በ1902 በሞንታና ግዛት፣ ሄል ክሪክ በተባለው በረሃማ ስፍራ፣ እስከዚያ ቀን ያልታየ የታላቅ ሥጋ በል አጥንት አገኙ። የሙዚየሙ ሹም ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝቦርንም በ1905 ቲራኖሶረስ ሬክስ ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ቃል ጨካኝ ገዥ እንሽላሊት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ንጉሥ ማለት ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል፣ እስከ ዳሌው ያለው ቁመቱ 4 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከታላላቆቹ የ8 ቶን ያህል የሚገመት ነበረ። ከዚህ ሁሉ ግዙፍነት ጋር ክንዱ 1 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በያንዳንዱ እጁ ላይ የሚታዩት ጣቶች ሁለት ናቸው። ይህ ክንድ ለምን ይጠቅመው እንደ ነበረ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ብራውን በ1908 ሌላ የተሻለ አፅም አገኙ። ኦዝቦርን ሁለቱን አፅሞች ጐን ለጐን አቁመው አንድ ትርኢት ለማሳየት አሰቡ። በ1913 ባሳተሙት ንድፍ ላይ አንደኛው አውሬ በግዳዩ ላይ ዝቅ ብሎ ቁጢጥ ሲል፣ ሁለተኛው ሊነጥቀው ቀና ብሎ ሲመጣ ይታያል። ልብ በሉ፤ ይህ የአራዊት ንጉሥ ሁልጊዜ የማይቆም፣ ጕልበቱን አጥፎ ዝቅ ሊል የሚችል ሥጋ ለባሽ መሆኑ በዚያ ንድፍ ላይ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን አዳራሹ ለሁለቱ ስላልበቃ ሐሳቡ ቀረ። በ1915 ለሕዝብ የታየው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም አንገቱን ወደ ጣራው አቅንቶ፣ ጅራቱን ወለል ላይ ጐትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያዎቹ አጥንቶች የተሠራው ሌላኛው አፅም በ1941 ለፒትስበርጉ የካርኔጊ ሙዚየም ተሸጠ። ቁጢጥ ያለው ንጉሥ በዚህ ዓይነት ተረሳ።

የቆመው ንጉሥ ግን ዓለምን ሁሉ ገዛ። በትምህርት መጻሕፍት፣ በሲኒማ፣ በልጆች መጫወቻ ላይ የታየው ያ አቋቋም ነው። በሁለት እግሩና በጅራቱ ላይ እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተደላድሎ የቆመ አውሬ ነበረ። በርጩማ ደግሞ መተኛት አያስፈልገውም። ስለዚህም ይመስለኛል ይህ አውሬ የት ይተኛል ብሎ የጠየቀ ሰው ለብዙ ዘመን ያልተገኘው፤ ሥዕሉ ራሱ ጥያቄውን ዘግቶት ነበር።

በሩን ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ባርኒ ኒውማን የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። በ1970 በለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ቲራኖሶረስ በዚያ ዓይነት ሊቆም እንደማይችል አስረዱ። አከርካሪው ወደ መሬት የሚያዘነብል ሳይሆን ከመሬት ጋር ትይዩ ነበር፤ ጅራቱም በሙዚየሙ ከተቀጠለው አጠር ያለና ከመሬት ተነሥቶ የተዘረጋ፣ ከፊት ላለው ከባድ ራስ ሚዛን የሚሆን ነበር አሉ። በአጭሩ አውሬው በዳሌው ላይ እንደ ሚዛን የተንጠለጠለ፣ አካሄዱም የወፍ አካሄድ ነበረ። በርጩማውም ተሰበረ።

አሁን እንግዲህ ችግሩ ተገለጠ። ይህን የሚያህል አካል በሁለት እግር ላይ ብቻ ተሸክሞ የሚኖር ፍጥረት ሲደክመው ምን ያደርጋል? ዝቅ ሊልስ ይችላል፤ ነገር ግን 8 ቶን የሚመዝን ሆድና ደረት ወደ መሬት ሲወርድ በምን ያርፋል? ከሁሉም የሚብሰው፣ እንደ ገና እንዴት ይነሣል? ላምም ሆነ ግመል ሲነሡ አራት እግሮቻቸው ሥራውን ይካፈሉታል። ይህኛው ግን ሁለት እግርና እንደ ሰው ክንድ ያጠሩ ሁለት እጆች ብቻ አሉት።

ኒውማን ለዚህም መልስ ፈለጉ። አውሬው እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ለመነሣት ሲል የኋላ እግሮቹን ቢዘረጋ፣ ግፊቱ ወደ ላይ ከማንሣት ይልቅ አካሉን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። ስለዚህ በአጫጭር ክንዶቹ መሬቱን ቈንጥጦ መንሸራተቱን ይከላከላል፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀና ሲያደርግ ክብደቱ ወደ ዳሌው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እግሮቹ ቀጥ ብለው ያነሡታል አሉ። ስለ ክንዶቹ ጥቅም የተባለው ብዙ ነው። ኦዝቦርን ለተራክቦ ጊዜ መያዣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር፤ ሌሎች ለአደን ይጠቅማሉ፤ ሌሎችም ለምንም አይጠቅሙም ይላሉ። የኒውማን ሐሳብ ከነዚህ አንዱ እንጂ የመጨረሻው ፍርድ አይደለም። ለእኔ ግን የሚያስደንቀኝ፣ ሰውየው ስለ ጦርነትና ስለ አደን ብቻ ሲጻፍ በኖረበት ነገር ላይ፣ ጧት ከመኝታ መነሣት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ማሰባቸው ነው። ከብርድ ልብስ ሥር ለመውጣት ከራሱ ጋር ያልተሟገተ ማን አለ?

በምን ያርፍ ነበር ለሚለው ጥያቄ ደግሞ አፅሙ ራሱ ምልክት ይሰጣል። ከዳሌው ወደ ታች የሚወርደው የፊተኛው አጥንት ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ጫማ ይሰፋል። አውሬው ጕልበቱን አጥፎ ሲወርድ አስቀድሞ መሬት የሚነካው ይህ የጫማ ቅርጽ ያለው አጥንት ነው። ከዚህም ሌላ ሆዱን ከሥር የሚሸፍኑ፣ እንደ ቅርጫት የተያያዙ ቀጫጭን የሆድ አጥንቶች ነበሩት። በ1990 በደቡብ ዳኮታ የተገኘውና ሱ እየተባለ የሚጠራው ታላቁ አፅም በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም በ2000 ለሕዝብ ሲታይ እነዚህ የሆድ አጥንቶች አልተገጠሙለትም ነበር፤ አገጣጠማቸው በትክክል ስላልታወቀ ነው። በ2018 አፅሙ እንደ ገና ሲቆም ተገጠሙለት፤ ያን ጊዜም አውሬው ቀድሞ ከታሰበው ይልቅ ሆዳም መሆኑ ታየ። እነዚህ አጥንቶች ለአተነፋፈስ እንደሚያገለግሉ ብዙዎች ያምናሉ፤ በሆዱ ለሚተኛ ከባድ አውሬ የውስጥ ዕቃው እንዳይጨፈለቅ መጠበቃቸውም የሚጠላ አይደለም። በ2008 ደግሞ ኬንት ስቲቨንስ፣ ፒተር ላርሰንና ባልደረቦቻቸው የቲራኖሶረስን አፅም በኮምፒውተር ሥዕል ሠርተው ቁጢጥ አስባሉት፤ እግሮቹም በዚያ በጫማ መሰሉ አጥንት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሊታጠፉለት እንደሚችሉ መረመሩ። በ1913 ንድፍ ላይ የቀረው ቁጢጥ ያለው ንጉሥ ከ95 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለምን በጐኑ ተጋድሞ አይተኛም ያለ አድማጭ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የማይቻል ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን መውደቅ ለዚህ አውሬ ቀላል ነገር እንዳልነበረ አስቡ። ጄምስ ፋርሎውና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1995 ባወጡት ስሌት፣ 6 ቶን የሚመዝን ቲራኖሶረስ በኃይል ሲሮጥ ተደናቅፎ ቢወድቅ የራሱ ክብደት ለሞት ሊያበቃው እንደሚችል ገመቱ። ጠላት ከመጣ፣ በጐን ተጋድሞ በአጭር ክንድ ከመንደፋደፍ ይልቅ እግርን ከሥር አጥፎ እንደ ዶሮ ማረፍ ለመነሣት ይቀላል።

እንደ ዶሮ ማለቴ ለቀልድ አይደለም፤ እዚህ ላይ የሁለተኛውን ስሕተት ታሪክ ማንሣት ግድ ይሆንብኛል። ይህም ከዚያው ከኒው ዮርኩ ሙዚየም የወጣ፣ ባለ ስሙም እነዚያው ኦዝቦርን ናቸው። በ1923 ሮይ ቻፕማን አንድሩስ የመሩት የሙዚየሙ ጓድ በሞንጎልያ በጎቢ በረሃ ውስጥ ከእንቁላል ክምር ጋር አንድ ትንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰር አገኘ። እንቁላሎቹ የሌላ ዓይነት፣ ቀንዳም መሰል ዳይኖሰር ናቸው ተብሎ ስለ ታመነ፣ ይህኛው ሊሰርቅ መጥቶ በስርቆቱ ላይ እንዳለ የሞተ ሆነ። ኦዝቦርንም በ1924 ኦቪራፕተር፣ ማለት እንቁላል ነጣቂ፣ ብለው ሰየሙት። ለሰውየው ክብር ሲባል መነገር ያለበት፣ ስሙ የእንስሳውን ጠባይ በሐሰት ሊገልጥ ይችላል ብለው በዚያው ጽሑፍ ላይ ራሳቸው ማስጠንቀቃቸው ነው። ማስጠንቀቂያውን ያስታወሰ ግን ብዙ አልነበረም፤ ስም ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? የእንቁላል ሌባነቱ 70 ዓመት ያህል ተነገረበት።

በ1993 ከዚያው ሙዚየም የተላኩት ማርክ ኖሬልና ጓደኞቻቸው በጎቢ ኡኻ ቶልጎድ በተባለ ስፍራ ያንኑ ዓይነት እንቁላል አገኙ። በውስጡም ገና ያልተፈለፈለ ጫጩት ነበረ፤ አጥንቱ ሲመረመር የኦቪራፕተር ወገን ሆነ። እንቁላሉ የተሰረቀ ሳይሆን የገዛ ራሱ ነበር። በዚያው ዓመት የኦቪራፕተር ዘመድ የሆነ ሌላ ትልቅ አፅም በእንቁላሎቹ ላይ እንደ ተቀመጠ ተገኘ፤ ነገሩም በ1995 ታትሞ ወጣ። እግሮቹን አጥፎ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ክንዶቹንም ዙሪያውን ዘርግቶ እንቁላሉን ታቅፏል። በግቢያችን ጥግ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻውም። ሌባ የተባለው፣ አሸዋው ሲቀብረው እንኳ ከልጆቹ ያልተለየ ወላጅ ሆኖ ተገኘ። በ1995 ያ ቀጥ ብሎ ቆሞ የኖረው የቲራኖሶረስ አፅምም በዚያው ሙዚየም ውስጥ ፈርሶ፣ አከርካሪው ተጋድሞና ጅራቱ ተነሥቶ እንደ አዲስ ለሕዝብ ታየ። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት አሮጌ መዝገቦቹን በአንድ ዓመት ሲያርም ማየት ምንኛ ደስ ያሰኛል!

ነገር ግን መታቀፍ ዕረፍት እንጂ እንቅልፍ አይደለም የሚል ይኖራል። ለዚህም መልስ የሚሆን ከቻይና መጣ። በሊያኦኒንግ ጠቅላይ ግዛት የተገኘ፣ ሹ ሺንግና ማርክ ኖሬል በ2004 የገለጹት አንድ ትንሽ ዳይኖሰር ስሙ መይ ሎንግ ይባላል፤ በቻይና ቋንቋ በደኅና እንቅልፍ ላይ ያለ ዘንዶ እንደ ማለት ነው። ርዝመቱ 53 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ አካሉም ከዳክዬ የማይበልጥ ነው። እግሮቹን ከሥሩ አጥፏል፤ ጅራቱን በአካሉ ዙሪያ ጠምዟል፤ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ አፍንጫውን በክንዱ ሥር ቀብሯል። ዶሮ በቆጥ ላይ አንገቷን ክንፏ ውስጥ እንደምትቀብረው ማለት ነው። ሳይነቃ ሞቶ፣ ከ120 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደ ተኛ ቆየ። አሟሟቱ ምናልባት ከእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ጢስ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ነገሩ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ እንዳይባልም፣ በ2012 የዚሁ ዓይነት ሁለተኛ አፅም፣ በ2023 ደግሞ ከሞንጎልያ ያኩሊኒኩስ የተባለ ሌላ ዳይኖሰር በተመሳሳይ የእንቅልፍ አኳኋን መገኘታቸው ተገልጿል።

እንግዲህ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዘለን ቲራኖሶረስም አፍንጫውን በክንዱ ሥር ይቀብር ነበር እንበል? ይህስ አይሆንም። የራስ ቅሉ ብቻ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አንገቱ ወፍራምና አጭር ነው፤ ክንዱም የራሱን ሩብ እንኳ አይሸፍንም። ደግሞም ወፍ አንገቷን የምትቀብረው ሙቀቷ እንዳያመልጥ ነው፤ ይህን የሚያህል አካል ግን ሙቀት በቶሎ አያጣም። ስለዚህ አገጩን መሬት ላይ አስደግፎ ይተኛ ነበር ማለት ይበልጥ የሚመች ነው። ይህ የእኔም የሌሎችም ግምት ነው፤ ያየ የለም።

እንቅልፉስ እንዴት ያለ ነበር? ሊቃውንት እዚህ ላይ የሚከተሉት ዘዴ ከሁለት ወገን ዘመዶችን መጠየቅ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት ፍጥረታት ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው፤ አዞ ደግሞ የሩቅ ዘመድ ነው። በ1999 በዳክዬዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በሰልፍ ከተኙት መካከል ዳር ላይ ያሉት ወደ ውጭ ያለውን አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ አንጐላቸውንም በከፊል አንቅተው እንደሚተኙ ታወቀ። በ2015 በአውስትራሊያ የተመረመሩት አዞዎችም ሰው ሲገባ አንድ ዓይናቸውን ወደ እርሱ እያቀኑ ይተኙ ነበር። በአዋሽ ሜዳ የምናያት ሰጎን ደግሞ፣ በ2011 እንደ ታተመው ምርምር፣ ቁጭ ብላ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ዓይኗን ሳትከድን ትተኛለች፤ እንቅልፏ ወደ ሌላው ደረጃ ሲሸጋገር ብቻ ዓይኗ ይከደናል፣ አንገቷም ይወድቃል። ሁለቱም የዘመድ ወገኖች አንድ ዓይን ገልጠው የሚተኙ ከሆነ፣ መካከል ላይ የነበረው ታላቁ ሥጋ በልም ይህን ያውቅበት ይሆናል ብሎ መጠርጠር ከምክንያት ውጭ አይደለም።

ስንት ሰዓት ይተኛ ነበር ለሚለው ግን መልስ አትጠብቁ። በ2017 በቦትስዋና የተመረመሩ ሁለት ዝሆኖች በቀን በአማካይ 2 ሰዓት ብቻ ይተኙ ነበር፤ ተጋድመው የሚተኙትም በሦስትና በአራት ቀን አንድ ጊዜ ነው። አንበሳ ግን በልቶ ከጠገበ ቀኑን አብዛኛውን ተጋድሞ ይውላል። ቲራኖሶረስ በግዙፍነቱ ዝሆንን፣ በአበላሉ አንበሳን ይመስላል፤ ከሁለቱ ማንን እንምሰልለት? እኔ ወደ አንበሳው አደላለሁ፤ ሥጋ የበላ ሆድ ጊዜ ይሰጣልና። ቀንና ሌሊትም ቢሆን ያከራክራል። በ2011 ላርስ ሽሚትስና ርዮሱኬ ሞታኒ በዓይን ኳስ ውስጥ ያለውን የአጥንት ቀለበት ለክተው፣ ከትናንሾቹ ሥጋ በሎች አንዳንዶቹ በሌሊት ያድኑ ነበር አሉ፤ ይህን በግዙፎቹ ላይ መለጠፍ ግን መቸኰል ነው። በአላስካ ሰሜን ጫፍ ላይ ደግሞ በ2014 ስም የወጣለት ናኑቅሶረስ የተባለ የቲራኖሶረስ ዘመድ ነበር፤ በዚያ አገር በክረምት ፀሐይ ለወራት አትወጣም። በዚያ ሌሊት ሁሉ ይተኛ ነበር እንዳይባል በረኀብ ባለቀ ነበር።

እስካሁን ያቀረብኳቸው ምስክሮች ወይ ትናንሾች ናቸው፣ ወይ በዝምድና የተጠሩ፣ ወይም በስሌት የተገኙ ናቸው። አንድ ታላቅ ሥጋ በል ራሱ ዐርፎ የፈረመበት ሰነድ የለምን? አለ፤ እርሱንም የጠበቀው ጭቃ ነው።

የጭቃው ታሪክ ከአጥንቱ ታሪክ ይቀድማል። በ1802 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሳውዝ ሃድሊ በተባለ መንደር፣ ፕሊኒ ሙዲ የተባለ የገበሬ ልጅ ሲያርስ የወፍ እግር የመሰለ ዱካ የታተመበት ድንጋይ አወጣ። ድንጋዩ በደጃፍ ተነጠፈ፤ ሰዎችም ከመርከብ የተላከው የኖኅ ቁራ ዱካ ነው አሉት። የአምኸርስት ኮሌጅ መምህር ኤድዋርድ ሂችኮክ ከ1836 ጀምሮ በዚያ ሸለቆ ያሉትን ዱካዎች ሰብስበው ጻፉ፤ የታላላቅ ወፎች ናቸው ብለው አመኑ። ዳይኖሰር መሆናቸው በኋላ ቢታወቅም ከኖኅ ቁራም ሆነ ከሂችኮክ ወፎች ጋር ዝምድና እንዳላቸው ማየት ያስደስታል። ከዚያ ስብስብ መካከል ቁጭ ያለ እንስሳ የተወው ምልክትም አለ፤ በአንደኛው ላይ የላባ አሻራ ይታያል ብለው በ1990ዎቹ የተከራከሩ ነበሩ፣ ሌሎች ግን የጭቃው መሸብሸብ ነው አሏቸው።

ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ የተገኘው በዩታ ግዛት በሴንት ጆርጅ ከተማ ነው። በ2000 ሼልደን ጆንሰን የተባሉ ጡረታ የወጡ የዓይን ሐኪም መሬታቸውን በመቈፈሪያ መኪና ሲያስተካክሉ አንድ የድንጋይ ንጣፍ ገለበጡ፤ ከሥሩም ባለ ሦስት ጣት እግር ወጣ። ስፍራው የጥንት ሐይቅ ዳርቻ ነበረ። ዱካዎቹ ስለ በዙ በላያቸው ላይ ቤት ተሠርቶ በ2005 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከዱካዎቹም መካከል አንድሩ ሚልነርና ባልደረቦቻቸው በ2009 የገለጹት ወደ 198 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው ዱካ ይገኛል። ባለቤቱ ቲራኖሶረስ አይደለም፤ ቲራኖሶረስ የተነሣው ከዚያ 130 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሥጋ በሎች አንዱ፣ ምናልባትም ዲሎፎሶረስን የመሰለ አውሬ ነበረ።

አውሬው በርጥቡ ዳርቻ ላይ እየተራመደ መጣ። ከዚያም ቆመ፤ ሁለት እግሮቹን ጐን ለጐን አደረገና ዝቅ አለ። ሲራመድ መሬት የማይነካው፣ እስከ ተረከዙ ያለው ረጅም የእግሩ ክፍል በጭቃው ላይ ታተመ፤ በስተኋላ የመቀመጫው አጥንት ተጭኖ ጐድጐድ አደረገው። በስተፊት ደግሞ በግራና በቀኝ የሁለት እጆች ምልክት አለ። መዳፎቹ ወደ መሬት የተዘረጉ አይደሉም፤ እንደሚያጨበጭብ ሰው እርስ በርሳቸው ተያይተዋል፤ መሬቱን የነካው የጐናቸው ጠርዝ ነው። ሠዓሊዎች መዳፉን ወደ ታች ዘቅዝቀው ሲስሉት ለኖሩት አውሬ ይህ ሌላ እርማት ሆነ፤ ወፍ ክንፏን የምታጥፈው በዚሁ ዓይነት ነውና፣ የወፍ አቀማመጥ ከወፎች በፊት እንደ ነበረ ታወቀ። ጅራቱም ከኋላው መስመር ጥሏል።

አውሬው በዚያ ምን ያህል እንደ ቆየ ጭቃው አልጻፈም። ምናልባት ጥላ ፈልጎ ይሆናል፤ ምናልባት ጠግቦ ይሆናል። የመጀመሪያው ስፍራ ግን አልተመቸውም። ሳይነሣ ወደ ፊት ተንፏቀቀና ጥቂት ራቅ ብሎ እንደ ገና ተቀመጠ፤ ሁለተኛው የመቀመጫ ምልክት ከመጀመሪያው ፊት ለፊት ይታያል። ወንበሩን ጐተት አድርጎ የሚያስተካክል ሰው ያህል ነው። ቈይቶም ተነሣ። አስቀድሞ ያነሣው ግራ እግሩን ነው። ሲራመድም ጅራቱ ጭቃውን ይጐትት ነበር።